ረዳት መምህርነት ከሁለት ልጅ ጋር፦ 3 ሰዓት ከሩብ ወይስ 6 ሰዓት ተኩል?

የኬንቷ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ዋሽንግተን ስቴት፣ ኬንት ነው። ትልቁ ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ አንደኛ ክፍል። ትንሿ 3 ዓመቷ ነው፣ እስካሁን ቤት ናት። ባለቤቴ ማታ ሠርቶ ቀን ይተኛል። ሁለት የፓራ (የረዳት መምህር) ሥራ ቀርቦልኛል። አንዱ ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት ነው፤ በቀን 3 ሰዓት ከሩብ፣ ንባብ ማገዝ። ሌላው ጎረቤት ዲስትሪክት (የትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ውስጥ፣ በቀን 6 ሰዓት ተኩል፣ ስፔሻል ኤጁኬሽን (ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች) ክፍል። የሰዓት ክፍያቸው ተቀራራቢ ነው። ሰው ሁሉ "ልጆችሽ ከፍ እስኪሉ አጭሩን ያዢ" ይለኛል። ሥራው ውስጥ ያላችሁ ምን ትላላችሁ? ከአገር ቤት የኮሌጅ ዲፕሎማ አለኝ፤ ለፓራ የሚጠየቀው ፈተና ይቀርልኛል?

ሒሳብ ወዳድ

እህቴ፣ የሰዓት ክፍያውን ለጊዜው ተይውና 630 የሚለውን ቁጥር ያዢ። በዋሽንግተን ለትምህርት ቤት ሠራተኛ የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ሴብ የሚባለው፣ በትምህርት ዓመቱ ቢያንስ 630 ሰዓት ይሠራል ተብሎ ለሚጠበቅ ሰው ነው። 180 የትምህርት ቀን በ3.25 ሲባዛ 585 ይመጣል። 45 ሰዓት ጎደለሽ ማለት ነው። በቀን 3 ሰዓት ተኩል ቢሆን ኖሮ ልክ 630 ነበር። ከዚህ መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ የወጣ ሥራ ሳይ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

አጭሩን ከመረጥሽም መላ አለው። በአንድ ዲስትሪክት ውስጥ የያዝሻቸው ሥራዎች ሰዓት ይደመራል። የምሳ ሰዓት ጥበቃ 45 ደቂቃ ብትጨምሪበት በቀን 4፣ በዓመት 720 ይሆናል። በሁለት ዲስትሪክት የተከፋፈለ ሰዓት ግን አይደመርም። ያልተጠበቀ ትርፍ ሰዓት ሠርተሽ 630 ብትሞዪም መብቱ ስላለሽ የሠራሽውን ሁሉ ራስሽ መዝግቢ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምዝገባው ላይ ነው። ኢንሹራንሱ ከተፈቀደልሽ በኋላ ያለሽ 31 ቀን ነው። ካለፈ አንቺን ብቻ በራሳቸው ምርጫ ይመዘግቡሻል፤ ባልሽና ልጆችሽ በፎል (በመኸር) የሚከፈተውን ምዝገባ ይጠብቃሉ። የልደት ሰርተፊኬትና የጋብቻ ማስረጃ ከወዲሁ አዘጋጂ። ልጆቹ አፕል ኸልዝ (ገቢ የሚያየው የስቴቱ የጤና ሽፋን) ላይ ካሉ ደግሞ ቸኩለሽ አታስወጪያቸው፤ የልጆች የገቢ ጣሪያ ከአዋቂ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ እናንተ ስትወጡ እነሱ ሊቀሩ ይችላሉ።

ፈቃድም በሰዓት ነው። የስቴቱ ፔይድ ፋሚሊ ሊቭ (ለወሊድና ለቤተሰብ የሚከፈል ፈቃድ) 820 ሰዓት ይጠይቃል። በቀን 4 ሰዓት ተኩል የምትሠራ እንኳ 810 ላይ ትቀራለች፤ ሌላ ቦታ የሠራችው ካለ ግን ይደመርላታል። 6 ሰዓት ተኩል 1,170 ስለሚሆን ያልፋል። የፌደራሉ ፈቃድ ግን 1,250 ስለሚል በረጅሙ ሥራም አትደርሺም። ሦስተኛ ልጅ የምታስቡ ከሆነ ይህን ቀድመሽ እወቂው።

ደሞዙን ለሒሳብ እንዲመች በሰዓት 25 ዶላር እንበል። ረጅሙ በዓመት 29,250፣ አጭሩ 14,625 ነው። ለ12 ወር የሚያከፋፍል ዲስትሪክት ከሆነ ረጅሙ በወር ታክስ ሳይነሳ 2,437 ገደማ ይመጣል፤ በሐምሌና በነሐሴም ይገባል። ለ10 ወር የሚከፍል ከሆነ ክረምቱን ራስሽ ማስቀመጥ አለብሽ። በመስከረም ትመለሻለሽ የሚል ማረጋገጫ ስለሚሰጥሽ በክረምት አንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥ ክፍያ) ይከፈለኛል ብለሽ አትቁጠሪ። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ በወር አንዴ፣ በወሩ መጨረሻ ነው። የደይኬር ቅድሚያ ክፍያ ግን ያን አይጠብቅም።

ሁለት ደወል

ሒሳቡ ልክ ነው፤ እኔ ስለ ሰዓቱ ልጨምር። ሰዓቱ በፈረንጅ ነው።

6 ሰዓት ተኩል ማለት ከቤት 6 ሰዓት ተኩል መጥፋት አይደለም። የ30 ደቂቃ ምሳ ስለማይከፈል ግቢው ውስጥ 7 ሰዓት ትቆያለሽ፣ መንገዱን ጨምሪበት። ከሁለቱም ትምህርት ቤት የደወል ሰዓቱን ጠይቂና ጎን ለጎን ጻፊው፦ አንቺ የምትገቢበት፣ ልጅሽ የሚገባበት፣ አንቺ የምትወጪበት፣ ልጅሽ የሚወጣበት። ብዙ ዲስትሪክቶች አንዱን አውቶቡስ ደጋግመው ለመጠቀም ሲሉ ትምህርት ቤቶቻቸውን በተለያየ ሰዓት ያስገባሉ። ያንቺ 7:30፣ የልጅሽ 9:00 ሊሆን ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን ቀደም ብለው የሚለቁበትም አለ፤ ያ ቀን በሁለቱ ዲስትሪክት አንድ ላይሆን ይችላል። የስፕሪንግ እረፍታቸውንም አስተያዪ።

በረዶ ሲጥል አንዱ ዲስትሪክት በ2 ሰዓት ዘግይቶ ሲከፍት ሌላው ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። የጠዋት ደይኬሩ በዘገየ ቀን ይከፍት እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። የተዘጋው ቀን የሚካካሰው በሰኔ ነው። ለአገር ቤት ትኬት የምትቆርጡ ሰዎች፣ በካላንደሩ የመጨረሻ ቀን ማግስት አትቁረጡ!

ትልቁን ወደምትሠሪበት ማዛወርም ይቻላል። በሌላ ዲስትሪክት የሚኖር የፉል ታይም ሠራተኛ ልጁን በሚሠራበት ትምህርት ቤት እንዲያስመዘግብ የስቴቱ ሕግ ይፈቅዳል። 6 ሰዓት ተኩሉን እነሱ ፉል ታይም ብለው መቁጠራቸውን ግን በጽሑፍ አረጋግጪ።

ለትንሿ ሄድ ስታርት (የፌደራሉ ነፃ ፕሪስኩል) ወይም የስቴቱ ነፃ ፕሪስኩል አለ፤ ሁለቱም ገቢ ያያሉ። ስታመለክቺ "ቦታ አለ ወይ" ብቻ አትበይ፣ የስንት ሰዓት ክፍል እንደሆነ ጠይቂ። የ3 ሰዓት ክፍል ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ማን ይቀበላታል? ባልሽን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ለአንድ ሳምንት እንጂ ለዓመት አይሆንም። ለስቴቱ የደይኬር ድጎማ የቅጥር ደብዳቤው እንደደረሰሽ አመልክቺ፤ የባልሽንም የማታ ሺፍት በግልጽ ጻፊው፣ ካልጻፍሽው "ቀን ቤት አለ" ተብሎ ይታያል። ድጎማው አንዴ ከተፈቀደ የሚሰጠው ለ12 ወር ነው።

ክፍል 12

ዲፕሎማሽ 72 የኳርተር ክሬዲት (የአሜሪካ ኮሌጅ የትምህርት መለኪያ) ከሞላ ፈተናው አያስፈልግሽም። ግን በአሜሪካ አስገምጋሚ ድርጅት መገመገም አለበት፤ ብዙዎቹ ትራንስክሪፕቱ ከኮሌጁ በታሸገ ፖስታ እንዲመጣ ስለሚጠይቁ ይዘገያል። ሥራው ስለማይጠብቅሽ ፓራፕሮ የሚባለውን መፈተን ይቀላል። 90 ምርጫ ጥያቄ፣ 2 ሰዓት ተኩል፤ ንባብ፣ ሒሳብና ጽሑፍ። የዋሽንግተን ማለፊያ 455 ነው። ካልኩሌተር ስለማይፈቀድ ክፍልፋይና ፐርሰንት በእጅሽ ሥሪ። የአገር ቤት ተማሪ ሒሳቡን አይፈራም፤ የሚጥለው ጽሑፉ ነው፣ ዓረፍተ ነገር ሰጥተው ስህተቱ የቱ ጋ ነው የሚለው። ከጥያቄዎቹ ሲሶ ያህሉ ተማሪን ክፍል ውስጥ እንዴት ታግዢያለሽ የሚሉ ናቸው፤ መልሱን ነግሮ የሚገላግለውን ምርጫ ተይው፣ ልጁ ራሱ እንዲደርስበት የሚመራውን ምረጪ።

ከተቀጠርሽ በኋላ የ28 ሰዓት መሠረታዊ ሥልጠና ሊኖር ይችላል። ከሥራ ሰዓት ውጭ ከተደረገ ልጅ የሚይዝልሽ ሰው ያስፈልግሻል፤ ቀኖቹን ቀድመሽ ጠይቂ።

ስፔሻል ኤጁኬሽን የሚል ስም ብቻ ሰምተሽ አትፈርሚ። ክፍሉን ልይ በይ። ዳይፐር መቀየር አለ? ልጅ ማንሳት ካለ ሁለት ሰው ነው የሚያነሳው? ስንት ልጅ፣ ስንት አዋቂ? አንዷ ፓራ ስትቀር ሳብ (ተተኪ) ይመጣል ወይስ በቀሩት ይሸፈናል? ቤት የ3 ዓመት ልጅ የሚጠብቃት እናት ቀኑን ሙሉ ስታነሳ ወገቧ ማታ ነው የሚናገረው። የሚመታ ወይም የሚሮጥ ልጅ ካለ ሥልጠናው የሚሰጠው ከመጀመርሽ በፊት መሆኑን አረጋግጪ፤ በኋላ ነው ካሉሽ እስኪሰጥሽ ከዚያ ልጅ ጋር ለብቻሽ እንዳይመድቡሽ ተነጋገሪ።

የኬንቷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወደ ረጅሙ እያዘነበልኩ ነው። ግን መግቢያዬ 7:25፣ የልጄ 8:55 ነው። እስኪዛወር ድረስ መግቢያዬን ማስለወጥ ይቻላል?

ክፍል 12

በዚያ ክፍል ይከብዳል። መግቢያው የተቆረጠው ልጆቹ ከአውቶቡስ በሚወርዱበት ሰዓት ስለሆነ እጃቸውን ይዞ የሚቀበል ሰው የግድ ነው። ሁለት ሰው ተቀባይ ካለ ግን መቀያየር ይቻል ይሆናል፦ አንቺ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ማሳፈሩን ትወስጃለሽ፣ ሌላዋ ጠዋቱን። ይህን የምትጠይቂው ርእሰ መምህሯን ነው፤ ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍሉ) የክፍሉን ፕሮግራም አያውቅም። እሺ ካለች ኢሜይል አድርጊላት፣ መልሷንም አስቀምጪ። እሺ ብትልም የሚገኘው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ለቀረው የልጅሽ ትምህርት ቤት ያለውን የጠዋት ፕሮግራም ዛሬውኑ ደውለሽ ተመዝገቢ፣ ወረፋው ረጅም ነው።

ሒሳብ ወዳድ

ከመፈረምሽ በፊት ለኤችአር ደግሞ እነዚህን በኢሜይል ላኪ፦ ለሴብ የሚጠበቅልኝ የዓመት ሰዓት ስንት ነው? ክፍያው ለ10 ወር ነው ለ12? የሙከራ ጊዜው ስንት ቀን ነው፣ በዚያ ጊዜ ልጅ ታሞ ብቀር የሕመም ፈቃዴን መጠቀም እችላለሁ? ሰዓቴ የቋሚ ነው ወይስ ለአንድ ተማሪ የተመደበ? የመጨረሻዋን አትዝለይ፤ ለአንድ ተማሪ የተመደበ ከሆነ ልጁ ትምህርት ቤት ሲቀይር ሰዓትሽም አብሮት ሊሄድ ይችላል።