ግሪንሃውስ ውስጥ ግንድ ዋግን የቻለ የዱረም ስንዴ ማሳ ላይ ለምን ይወድቃል? ጂኑን ፍለጋስ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ቡቃያ_ቆጣሪ

ሰላም ለሁላችሁ። 180 ነባር (የገበሬ ዘር የሆኑ) የዱረም ስንዴ ናሙናዎች ለግንድ ዋግ፣ ግንድ ለሚያጠቃው የፈንገስ በሽታ፣ እየተፈተሹ ነው። ግሪንሃውስ ውስጥ በቡቃያነታቸው በቲቲኬኤስኬ (ዩጂ99 በምንለው ሬስ፣ ማለትም የፈንገሱ ዓይነት) ሲበከሉ 27ቱ ከ2- እስከ 2 አሳዩ (ከ0 እስከ 4 ባለው መለኪያ እስከ 2 ተቋቋሚ፣ 3 እና 4 ተጠቂ ነው)። ተጠቂው ማነጻጸሪያ ዝርያ ሞሮኮ 4 ስለሰጠ ብክለቱ ይዟል። ደብረ ዘይት ማሳ ላይ ግን ከ27ቱ 24ቱ ከ50ኤስ እስከ 70ኤስ ደረሱ (ቁጥሩ የጥቃቱ መጠን በመቶ ነው፤ ኤስ ተጠቂ፣ ኤምአር መጠነኛ ተቋቋሚ ማለት ነው)። 10ኤምአር ላይ የቆሙት ሦስት ብቻ ናቸው።

የግሪንሃውሱ ውጤት ተሳስቷል ማለት ነው? ለ180ዎቹም የ90 ሺህ ኤስኤንፒ (የአንድ ፊደል የዲኤንኤ ልዩነት) ቺፕ መረጃ ስላለ በእሱ ጂዋስ (ልዩነቶቹን ከመቋቋም ጋር የሚያዛምድ ስሌት) ቢሠራ የሦስቱ ጂን ይገኛል? ካልሆነ እስከ ማርከር (ጂኑን የሚጠቁም የዲኤንኤ ምልክት) የሚያደርሰው መንገድ የቱ ነው?

መልስ 1፦ ዋግ_ተከታይ

ሁለቱም ውጤቶች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ተክሉ የቻለው የትኛውን ሬስ እንደሆነ ካልተጠራ በቀር ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም።

በዱረም ላይ እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤስአር13 ነው (የግንድ ዋግ መቋቋሚያ ጂኖች ስም በኤስአር ይጀምራል)። በክሮሞዞም 6ኤ ረጅም ክንድ ላይ የሚገኝ ጂን ነው፤ በአገራችን ዱረም ውስጥ አለ፤ ቲቲኬኤስኬንም 2 አካባቢ ይይዘዋል። ደብረ ዘይት ላይ የተገኘው ጄአርሲኪውሲ የተባለው ሬስ ግን ኤስአር13ንም ኤስአር9ኢንም ያሸንፋል። 24ቱ ናሙናዎች ያላቸው ኤስአር13 ብቻ ከሆነ ግሪንሃውስ ውስጥ መቆማቸውም ማሳ ላይ መውደቃቸውም የሚጠበቅ ነው።

የሬሶቹን ስም ማንበብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አምስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው የአራት መለያ ጂኖችን ውጤት ይይዛሉ፤ በድምሩ 20 ጂን። ቲ ሲሆን አራቱም ተሸንፈዋል። ኬ ሲሆን የመጀመሪያው ብቻ ቆሟል፤ ኤስ ሲሆን ደግሞ የመጨረሻው ብቻ። በቲቲኬኤስኬ አራተኛው ፊደል ኤስ ነው፤ ስለዚህ የዚያ ምድብ መጨረሻ የሆነው ኤስአርቲኤምፒ ይሠራል። በቲኬቲቲኤፍ ግን አራተኛው ፊደል ቲ ነው፤ ኤስአርቲኤምፒ ወድቋል። ዲጋሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ያጠፋው ይህችው አንዲት ፊደል ናት። ኩብሳ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2010 በቢጫ ዋግ ከተመታ በኋላ ገበሬው ፊቱን ወደ ዲጋሉ አዞረ፤ ዩጂ99ን ይችል ስለነበር ሁሉም ተማመነበት። በ2013 እና በ2014 ቲኬቲቲኤፍ መጥቶ ባሌና አርሲ ላይ እርሻውን አወደመው። በአንድ ሬስ ብቻ ፈትሾ "ተቋቋሚ" ብሎ መጻፍ ገበሬ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይህን ያህል ነው።

ስለዚህ 27ቱን በሙሉ በቡቃያነታቸው በጄአርሲኪውሲ እና በቲኬቲቲኤፍ ለየብቻ ይፈትሿቸው። የሬስ ትንተናው በአምቦ ስለሚሠራ የተለየ አይዞሌት (ለብቻው የተያዘ የፈንገስ ናሙና) ከዚያ ይጠይቁ። ኤስአር13 ብቻ ያለው አንድ መስመር፣ ኤስአር9ኢ ብቻ ያለው አንድ መስመር እና ሞሮኮን በእያንዳንዱ ትሪ ላይ ይዝሩ። 20ዎቹን መለያ መስመሮችም በየዙሩ አብረው ካላስገቡ አይዞሌቱ ከሌላ ሬስ ጋር ቢቀላቀል የሚያውቁበት መንገድ የለም።

አሠራሩ፦ በቡቃያው 7ኛ ወይም 8ኛ ቀን፣ የመጀመሪያው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ነው የሚበከለው። በ-80 ዲግሪ የተቀመጠ ስፖር በቀጥታ ቢረጭ አብዛኛው አይበቅልም። መጀመሪያ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ ያህል ይሞቃል፤ ከዚያ እርጥበት ባለው ዕቃ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። በ1 ሚሊ ሊትር ቀላል የማዕድን ዘይት ውስጥ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ግራም ስፖር በቂ ነው። ዘይቱ ከቅጠሉ ላይ ሳይተን ተክሉ ወደ ጤዛ ክፍል ከገባ ቅጠሉ ይቃጠልና በኋላ ቃጠሎውን "የሞተ ነጥብ" ብሎ የሚመዘግብ ሰው አይጠፋም። በጨለማ፣ በ18 ዲግሪ አካባቢ፣ ጤዛ ላይ 16 ሰዓት፤ ከዚያ ቅጠሉ ቀስ እያለ ሲደርቅ 3 ወይም 4 ሰዓት ብርሃን። ንባቡ በ14ኛው ቀን።

የሙቀቱን መጠን በየቀኑ ይመዝግቡ። ኤስአር13 በ25 ዲግሪ ጠንካራ ነው፤ በ18 ዲግሪ ይደክማል። ኤስአር6 ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከ24 በላይ ሲሞቅ ይጠፋል። ሁለት ዙር በተለያየ ወር ተሠርቶ ውጤቱ ካልገጠመ መጀመሪያ የሚታየው ቴርሞሜትሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር፦ ነባር ናሙና ድብልቅ ነው። ግሪንሃውስ የገባው አምስት ፍሬና ማሳ የተዘራው እፍኝ ዘር አንድ ላይሆን ይችላል። በአንድ ማሰሮ ውስጥ አንዱ ቡቃያ 2 ሌላው 4 ካሳየ ችግሩ የሬስ አይደለም፣ የዘሩ ድብልቅነት ነው። ሁሉም ወጥ 2 ከሆነ ሬሱን ይጠርጥሩ። በየትኛውም መንገድ ከሦስቱ ናሙናዎች ነጠላ ተክል ተመርጦ፣ ራሱን እንዲያዳቅል ተሸፍኖ፣ ዘሩ ለብቻው ይቀመጥ። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሁሉ በዚያ ዘር ላይ ይሁን።

መልስ 2፦ ኤፍ2_ቤተሰብ

በላይኛው መልስ እስማማለሁ። ስለ ጂዋሱ ልጨምር።

በአሁኑ መረጃ ጂዋስ ቢሠሩ የሚያገኙት ትልቅ ምልክት 6ኤ ላይ ነው። እሱ ደግሞ የታወቀው ኤስአር13 ነው። የሚፈልጉት ጂን ያለው በ3 ናሙናዎች ብቻ ነው፤ ከ180 ሲታይ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። የተለመደው ዝቅተኛ ወሰን 5 በመቶ ሲሆን 9 ናሙናዎች መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ ከስሌቱ በፊት ተጣርቶ ይወጣል። ወሰኑን ዝቅ ቢያደርጉት ሦስቱ ከአንድ አካባቢ የተሰበሰቡ ከሆነ የሚጋሩት ኤስኤንፒ ሁሉ "ተያያዥ" ሆኖ ይመጣል። ብርቅ ጂን በማዳቀል ነው የሚገኘው።

ሦስቱን ለየብቻ ከተጠቂ ዱረም ጋር ያዳቅሉ። ረስቲ የተባለው መስመር ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ነው፤ ለግንድ ዋግ ሬሶች ከሞላ ጎደል ሁሉ ተጠቂ ነው። ኤፍ1 (የመጀመሪያው ትውልድ) ተክሎቹ በእርግጥ ድቅል መሆናቸው በሁለቱ ወላጆች መካከል በሚለያይ ማርከር ይረጋገጥ፤ የእያንዳንዱ ኤፍ1 ዘርም ለብቻው ይታጨድ፣ አይቀላቀል።

ትልቁ ወጥመድ ሦስቱ ናሙናዎች ኤስአር13ም አዲሱ ጂንም አንድ ላይ ሊኖራቸው መቻሉ ነው። የኤፍ1 ልጆች የሆነውን ኤፍ2 በቲቲኬኤስኬ ከበከሉት፣ አዲሱ ጂንም ያንን ሬስ የሚይዝ ከሆነ፣ 15 ተቋቋሚ ለ1 ተጠቂ ይመጣና ሁለቱ ጂኖች ይደባለቃሉ። ካልያዘው ደግሞ ሁለት ዓመት ደክመው ኤስአር13ን እንደገና "ያገኙታል"። በጄአርሲኪውሲ ይበክሉ፤ ያ ሬስ ኤስአር13ን ከጨዋታው ስለሚያወጣው የቀረው ጂን ብቻውን ይታያል።

ንባቡን በኤፍ2 ነጠላ ተክል ላይ አይጨርሱት፤ የአንድ ቅጠል ስህተት ካርታውን ያበላሻል። ከ100 ያላነሱ የኤፍ2 ተክሎች ራሳቸውን ያዳቅሉና የእያንዳንዱ ልጆች፣ ማለትም ኤፍ2:3 ቤተሰቡ፣ ይፈተሽ። ከአንድ ቤተሰብ ስንት ተክል? 10 ብቻ ከተዘራ፣ የሚከፋፈል ቤተሰብ በአጋጣሚ ሁሉም ተቋቋሚ መስሎ የሚታይበት ዕድል 5.6 በመቶ ነው። 20 ሲሆን 0.3 በመቶ ይሆናል። 20 ይዝሩ።

አንድ የበላይ ጂን ከሆነ ቤተሰቦቹ 1 ለ2 ለ1 ይወጣሉ። ለምሳሌ ከ94 ቤተሰብ 27 ተቋቋሚ፣ 45 ተከፋፋይ፣ 22 ተጠቂ ቢሆኑ የሚጠበቀው 23.5፣ 47 እና 23.5 ነው፤ ካይ ስኩዌሩ (ከሚጠበቀው መራቁን የሚለካው ቁጥር) 0.70 ስለሆነ ከወሰኑ 5.99 በብዙ ያንሳል። 7 ለ8 ለ1 ከቀረበ ሁለት ጂኖች አሉ። በኤፍ2 ላይ 1 ተቋቋሚ ለ3 ተጠቂ ቢመጣ ደግሞ "ስህተት ነው" ብለው አይጣሉት፤ ጂኑ ተሸናፊ (ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ብቻ የሚታይ) ሊሆን ይችላል። በገብስ ላይ የአመዳይ በሽታን የሚከላከለው ኤምኤልኦ እንዲህ ነው፤ ተክሉ የሚድነው ፈንገሱ ለመግባት የሚጠቀምበት ጂን ሲበላሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ነባር ገብስ ውስጥ የተገኘው ኤምኤልኦ-11 የአውሮፓን የበልግ ገብስ እስከ ዛሬ እየጠበቀ ነው። የእኛ ነባር ዘሮች ላይ መድከም ዋጋ እንዳለው ለሚጠይቅ ሰው ይህን ብቻ ማንሳት ይበቃል።

መልስ 3፦ ማርከር_ጠረጴዛ

ከቤተሰብ ንባብ በኋላ ያለውን ልቀጥል። ሙሉ በሙሉ ተቋቋሚ ከሆኑ ቤተሰቦች 15፣ ሙሉ በሙሉ ተጠቂ ከሆኑ 15 ይምረጡ። ዲኤንኤያቸውን በመጠን እኩል አድርገው ሁለት ጥቅል ያዘጋጁና ከወላጆቹ ጋር በቺፑ ያንብቡ። እኩልነቱ በናኖግራም ይለካ፤ በማይክሮ ሊትር ብቻ እኩል ማድረግ አንዱ ናሙና ጥቅሉን እንዲውጠው ያደርጋል። ሁለቱ ጥቅሎች የተለያዩበት ክሮሞዞም ላይ ብቻ ካስፕ ማርከሮች (አንድ ኤስኤንፒ የሚለዩ የፒሲአር ምርመራዎች) ሠርተው ሁሉንም ኤፍ2 ያሳልፉ። በ100 ኤፍ2 ውስጥ 200 ጋሜት ስላለ አንድ ቅይርታ (የክሮሞዞም ቁራጭ መለዋወጥ) ማለት 0.5 ሴንቲሞርጋን (የካርታ ርቀት መለኪያ) ነው፤ ከዚያ በታች መጥበብ ከፈለጉ ሺህ ተክል ማዘጋጀት ግድ ነው።

ካስፕ በዱረም ላይ የሚከሽፍበት ዋና ምክንያት ሁለቱ የክሮሞዞም ስብስቦቹ፣ ኤ እና ቢ ጂኖሞች፣ መመሳሰላቸው ነው። የጋራው ፕራይመር መጨረሻ ፊደል በአንዱ ጂኖም ላይ ብቻ የሚገኝ ካልሆነ ሁለቱም ይባዙና ሦስቱ የውጤት ክምችቶች (የሁለቱ ወላጆችና የድቅሉ) ተጠጋግተው አንድ ደመና ይሆናሉ። በየሳህኑ ላይ ሁለቱን ወላጆች፣ ዲኤንኤ የሌለበት ጉድጓድ፣ እንዲሁም የወላጆቹን ዲኤንኤ እኩል ቀላቅለው የሠሩት ሰው ሠራሽ ድቅል ያስገቡ።

ቦታው ሲጠብ ስቬቮ በተባለው የዱረም ዝርያ ጂኖም ላይ ያሉትን ኤንኤልአር (በሽታ አምጪን የሚለዩ) ጂኖች ቆጥሮ "ከእነዚህ አንዱ ነው" ማለት ይቀናል። ስቬቮ ያንን ጂን ጭራሹኑ ላይኖረው ይችላል፤ እነዚህ ጂኖች ከዝርያ ዝርያ የሚጠፉና የሚጨመሩ ናቸው። አስተማማኙ መንገድ ተቋቋሚውን መስመር በኢኤምኤስ (ዲኤንኤ በሚለውጥ ኬሚካል) ማበላሸት ነው። ኤም2 (ከኬሚካሉ በኋላ ሁለተኛው) ትውልድ ውስጥ ተጠቂ የሆኑትን ይለያሉ፤ የኤንኤልአር ጂኖችን ብቻ አጥምዶ በማንበብም በሁሉም ላይ የተበላሸውን አንዱን ጂን ያገኛሉ። ኤስአር22 እና ኤስአር45 እ.ኤ.አ. በ2016 የተለዩት በዚህ ዘዴ ነው። 5 ወይም 6 ራሳቸውን የቻሉ ተጠቂ ሚውታንቶች ያስፈልጋሉ። ለውጦቹ ከጂ ወደ ኤ ወይም ከሲ ወደ ቲ ካልሆኑ፣ ያ ተክል ሚውታንት ሳይሆን የተቀላቀለ ዘር ነው። ኢኤምኤስ ካንሰር አምጪ ስለሆነ በጭስ መሳቢያ ስር፣ በጓንት ይሠራበት፤ ተረፉም በሶዲየም ታዮሰልፌት ሳይመክን አይደፋ።

ዘር ወይም ዲኤንኤ ወደ ውጭ ቤተ ሙከራ የሚላክ ከሆነ አዋጅ 482/1998 ፈቃድ ይጠይቃል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጋር ይጨረስ።

ጥያቄ፦ ቡቃያ_ቆጣሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ብቻ ይቀረኛል፦ ሦስቱም በቡቃያነታቸው በጄአርሲኪውሲ 3+ ቢሆኑስ? ማሳ ላይ 10ኤምአር መሆናቸው ከምን ይመጣል?

መልስ 4፦ ዋግ_ተከታይ

ያ የጎልማሳ ተክል መቋቋም ነው። ቡቃያው ይጠቃል፤ ግንዱ ሲጠነክር ግን በሽታው በዝግታ ነው የሚያድገው። በዱረም ውስጥ መጀመሪያ የሚፈተሸው በ3ቢ አጭር ክንድ ላይ ያለው ኤስአር2 ነው፤ ራሱም ከኤመር ስንዴ የመጣ ነው። ማሳ ላይ ጠቋሚ አለው፦ የእሸቱ ገለባና ከአንጓው በታች ያለው ግንድ ጥቁር ጥላ ያወጣል፤ ጥላው ግን በአየሩ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ በማርከር ይረጋገጥ። ኤስአር57 እና ኤስአር55 ዱረም በሌለው በዲ ጂኖም ላይ ስለሆኑ ዱረም ውስጥ አይፈልጓቸው። በ1ቢ ላይ ያለው ኤስአር58 ግን ሊኖር ይችላል።

ለዚህ ዓይነት መቋቋም ኤፍ2:3 አይበቃም። እስከ ኤፍ6 በነጠላ ዘር የወረዱ 150 ያህል መስመሮች በሁለት ቦታ፣ ቢያንስ ሁለት ወቅት መታየት አለባቸው። የበሽታው ጭማሪ የሚመዘገበው በ10 ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ነው። የአበባ ቀኑንም አብረው ይያዙ፤ ዘግይቶ የሚያብብ መስመር በሽታውን አምልጦ ተቋቋሚ ይመስላልና፣ ካርታው ላይ የሚወጣው የአበባ ጊዜ ጂን ይሆናል።