የዲሴምበር 17 ወንጌል ላይ ምኑን ታስተነትናላችሁ?

ከኩዌት
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ በግዕዝ ሥርዓት ያደግሁ ካቶሊክ ነኝ፤ አሁን ኩዌት ሰው ቤት እሠራለሁ። ዕረፍቴ ዓርብ ብቻ ስለሆነ የእሑዱን ቅዳሴ ዓርብ ነው የምሰማው (እዚህ እንደዚያ ይደረጋል፣ አትደነቁ)። በሌላው ቀን ማታ ማታ የዕለቱን ንባብ እንደ ላቲኑ (የሮማ) ሥርዓት በስልኬ አነባለሁ። የስብከተ ገና (ከገና በፊት ያለው የዝግጅት ወቅት) የመጀመሪያ ሳምንት ኢሳይያስ በጣም ደስ ይለኛል፤ ተኩላና የበግ ጠቦት አብረው ሲኖሩ፣ በተራራው ላይ ግብዣ ሲዘጋጅ። ዲሴምበር 17 ላይ ግን የማቴዎስ 1 የትውልድ ሐረግ ይመጣል። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌም እገሌን ወለደ… ጸሎት አልወጣልህ ይለኛል። እናንተ የቱ ጋ ትቆማላችሁ? ደግሞስ እስከዚያ ድረስ ስለ ልደቱ የማይነበበው ለምንድን ነው?

ዘማሪው
ለሁለተኛው ጥያቄሽ፦ ወቅቱ ሁለት ክፍል ነው። እስከ 16 ዳግም ምጽአቱና መጥምቁ ዮሐንስ ይበዛሉ። ከ17 እስከ 24 ለየቀኑ የተመደበ ወንጌል አለ፤ ሁለት ቀን ማቴዎስ፣ ከዚያ ሉቃስ 1 ከዘካርያስ እስከ ዘካርያስ መዝሙር።

ጡረተኛው ካቴኪስት
ልጄ፣ አትዝለዪው። ማቴዎስ ከማርያም በፊት አራት ሴቶችን አስገብቷል፤ ትዕማር፣ ረዓብ፣ ሩትና የኦርዮ ሚስት። ሣራንና ርብቃን መጥራት ሲችል! ሩት ሞዓባዊት ናት፤ በሰው አገር፣ በሰው እርሻ ቃርሚያ ለቅማ አማቷን ያበላች። አንቺ ኩዌት ሆነሽ ሩት ላይ ካልቆምሽ ማን ይቁም?

እኔን የሚይዙኝ ግን መጨረሻ ያሉት ናቸው፤ አኪም፣ ኤልዩድ፣ ማታን። ንጉሥ አይደሉ፣ ነቢይ አይደሉ፤ ታሪካቸው በብሉይ ኪዳን የለም። አያቴ እስከ ሰባት ቤት ሲያስቆጥሩን እንደዚሁ ስም ብቻ የቀረላቸው ነበሩ። ከባቢሎን ምርኮ በኋላ ዙፋን የለ፣ ምልክት የለ፤ ልጅ ወልደው፣ አሳድገው ሞቱ። መሲሑን ማን እንደሚያየው አላወቁም። ስብከተ ገና ለእኔ እነሱ ናቸው። በየስሙ ላይ ትንሽ ዝም እላለሁ፣ ሌላ ዘዴ የለኝም። አንዳንድ ሰባኪ 3 ጊዜ 14 ትውልድ እያለ ቁጥሩን ሲፈታ ይውላል፤ እሱ ለክፍል ይሁን፣ ለጸሎት አይሆነኝም።

ከኩዌት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ሩትን ከመጀመሪያው ልጀምራት ነው፣ አራት ምዕራፍ ናት። ገና እዚህ ዲሴምበር 25፣ ቤተሰቤ ጋ ታኅሣሥ 29 መሆኑ ግን አሁንም ግር ይለኛል። የእኛን ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ (ከገና በፊት ያሉትን ሦስት እሑዶች) የተውኩት ይመስለኛል።

የሰንበቴ ልጅ
አልተውሽውም እህቴ። የኖላዊ ምስባክ (ከወንጌል በፊት የሚዜመው የመዝሙር ጥቅስ) «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምዕ» አይደል? ያው መዝሙር 80 (በግዕዙ 79) በላቲኑ ሥርዓት የሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ይነበባል። የላቲኑን በስልክሽ አንብቢ፣ ምስባኩን በግዕዝ በዜማው በይው፤ የሚከለክልሽ የለም።