የበርንሳይድ ድልድይ ስብሰባ መሄድ ጥቅም አለው?

ምሥራቅ_ፖርትላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ እዚህ ኦሪገን ላላችሁ። ሰሞኑን በፖስታ አንድ ወረቀት መጣልን። እዚህ ፖርትላንድ ያለው የበርንሳይድ ድልድይ ፈርሶ በአዲስ ሊተካ ነው፣ መጥታችሁ አስተያየት ስጡ ይላል። ባለቤቴ መሀል ከተማ ሆቴል ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ በ20 ቁጥር አውቶቡስ በዚያው ድልድይ ታልፋለች። ለዓመታት ይዘጋል ሲባል ደነገጠች። እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ አገር ቤት ለውይይት ተጠርቼ የሄድኩበት ስብሰባ ሁሉ ነገሩ ካለቀ በኋላ እጅ ለማውጣትና ለስላሳ ለመጠጣት ስለነበር ብዙም አላምንም። እዚህስ ይሰማሉ? ደግሞ መኪና እያሳለፈ ያለ ድልድይ ምን ሆነ ብለው ነው የሚያፈርሱት?

ሲቪሉ፦
ከመጨረሻው ልጀምር። ድልድዩ የተከፈተው በ1926 ነው። ያኔ ይህ አካባቢ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ እንደሚያሰጋው ማንም አያውቅም ነበር። ከባሕሩ ዳርቻ ወዲያ ያለው የካስኬድያ ስንጥቅ ለመጨረሻ ጊዜ በኃይል የተንቀሳቀሰው በ1700 ነው፣ መጠኑም ወደ 9 እንደነበር ይገመታል። ዛሬ ቢደገም ድልድዩ በሚሻገረው የዊላሜት ወንዝ ዳር ያለው እርጥብ አፈር እንደ ገንፎ ይሆናል፣ ቋሚዎቹም አብረውት ይሄዳሉ። በርንሳይድ ደግሞ አምቡላንስና እሳት አደጋ ወንዙን ይሻገሩበታል ተብሎ የተመደበ መንገድ ነው። ስለዚህ ዛሬ መኪና ማሳለፉ ምንም ማለት አይደለም።

ወደ ስብሰባው ስንመጣ፣ ብዙው ነገር ተወስኗል። አሮጌው ይጠናከር ወይስ አዲስ ይሠራ የሚለውን የነዋሪዎች ኮሚቴ ከዓመታት በፊት ተከራክሮበት አዲሱን መረጠ፣ ያውም ምሰሶው ያነሰውንና ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ያለው ርቀት የሚበልጠውን፣ ምክንያቱም በዚያ አፈር ላይ የሚቆመው ምሰሶ ባነሰ ቁጥር ወጪውም አደጋውም ይቀንሳል። ድልድዩን በገመድ የሚይዘው ግንብ የተገለበጠ ዋይ (Y) ቅርፅ እንዲይዝም ሌላ ቡድን ሐሳብ አቅርቧል። አሁን ሄደህ ስለ ግንቡ መልክ ብትከራከር ጊዜህን ታባክናለህ። ስለ አውቶቡሱ ብትጠይቅ ግን ይሻላል።

ታክሲ_ነጂው፦
ወንድሜ፣ እኔ እዚሁ ፖርትላንድ የሴልውድ ድልድይን ጉድ በዓይኔ ስላየሁ ልንገርህ። የ1925 ድልድይ ነበር። የድልድይ ደህንነት ሲመዘን ከ100 ስንት አገኘ መሰለህ? 2! በ2004 ስንጥቅ ተገኝቶበት ከ10 ቶን በላይ እንዳያልፍ ተባለ፣ አውቶቡስ እንኳ ቀረ። ሊተካ ሲባል እኛ ነጂዎች ባለ አራት መስመር ይሁን አልን። የሰፈሩ ሰዎች ግን አይሆንም አሉ። እኛ ደጅ ያለው መንገድ ሁለት መስመር ነው፣ ድልድዩን አራት ብታደርጉት ትራፊኩን አምጥታችሁ በራችን ላይ መድፋት ነው አሉ። በጣም ተናደድኩባቸው። ግን ስብሰባ ይመጡ ነበር፣ በየጊዜው፣ ሥራ ውለው ደክሟቸውም ቢሆን። እኔ አንድ ቀን አልሄድኩም። በ2016 ሲከፈት መሀሉ ሁለት መስመር ነው፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ግን ሰፊ ቦታ ወጣለት። የመጣው ሰው ያለው ሆነ።

አንድ የማይረሳኝ ነገር ደግሞ አለ። ጥር 2013 ላይ 335 ሜትር የሚረዝመውን አሮጌውን ብረት እንዳለ አንስተው ወደ ጎን ገፉት፣ 14 ሰዓት ፈጀ። ሕዝቡ በብርድ ወንዙ ዳር ቆሞ ያያል። ከዚያ እሱ ጊዜያዊ ድልድይ ሆኖ እኛ ስንሻገርበት አዲሱ በቦታው ተሠራ።

በርንሳይድ ላይም ጊዜያዊ ድልድይ ይሠራ ወይ ተብሎ ነበር። ወጪው ብዙ ነው ተብሎ ቀረ። ያኔ ሐበሻ ነጂ ስንት ሰው ሄደ? እኔን ጨምሮ ዜሮ ነው የምልህ። አሁን ወደ 5 ዓመት ይዘጋል ሲሉን እናማርራለን። ገንዘቡማ ከኪሳችን ነው፣ ከ2021 ጀምሮ የመኪና ምዝገባ ላይ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) የሚወስዳት በዓመት 19 የነበረችው 56 ዶላር የሆነችው ለዚሁ ድልድይ ነው። ከፍለህ ዝም ማለት ምን ይሉታል?

ጣና_ዳር፦
ከባሕር ዳር ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። እኛ ጋ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ተመረቀ (በእኛ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትሳሳቱ)። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት። ከአሮጌው ጎን ስለተሠራ እስኪያልቅ ድረስ በአሮጌው እየተሻገርን ቆየን። መልኩ እንዲህ ይሁን ብሎ እኔን የጠየቀኝ የለም፣ ግን ማታ ማታ መብራቱን እያየሁ ስሄድበት ቅር አይለኝም። ለእግረኛ ሰፊ መሆኑ ለእኔ በቂ ነው። እናንተ 56 ዶላር ከፍላችሁ፣ ተጠርታችሁም አንሄድም ማለታችሁ ግን ገረመኝ።

እህት_ኦሪገን፦
@ጣና_ዳር ሃሃ፣ እውነትህን ነው። @ምሥራቅ_ፖርትላንድ አንተ፣ እንግሊዝኛው ካስፈራህ አስተርጓሚ ጠይቅ። የፌዴራል ገንዘብ የሚገባበት ሥራ ላይ የቋንቋ እርዳታ መጠየቅ መብትህ ነው። ግን ቀደም ብለህ፣ ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ደውለህ፣ አማርኛ ብለህ ተናገር፣ በሩ ላይ ደርሰህ አትጠይቅ። ሌላው፣ ጥያቄህን አሳጥረው። እኔ አንድ የሰፈር መንገድ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ስለ ዛፍና ስለ ቀለም ሲያወራ ሰዓቱ አለቀ፣ የኔ ተራ ሳይደርስ። አንተ ሁለት ነገር ብቻ ያዝ። ድልድዩ ሲዘጋ 20 ቁጥር በየትኛው ድልድይ ይዞራል? ንጋት 11 ሰዓት ላይስ ይኖራል ወይ? ቀን የሚሠራ ሰው የንጋት አውቶቡስ ትዝ አይለውም፣ ክፋት ኖሮት አይደለም።

ታክሲ_ነጂው፦
ልክ ነች። በጽሑፍም ስጠው፣ በአፍ የተባለ ይረሳል። እኔም እመጣለሁ፣ ከሥራ ከወጣሁ።

ምሥራቅ_ፖርትላንድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማታ ለባለቤቴ አነበብኩላት። እኔ ሄጄ እጠይቅልሻለሁ ስላት፣ «አውቶቡሱ ላይ የምቆመው እኔ፣ ጠያቂው አንተ?» አለችኝ። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ ልጆቹን እይዛለሁ። ስለ አስተርጓሚው ነገ እደውላለሁ።