ለኮድ መጻፊያ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ይበቃኛል ወይስ ቪኤስ ኮድ ላይ ልቆይ?

ሰላም ልጆች፣ እዚህ ሀዋሳ ኤችቲኤምኤልና ፓይተን እየተማርኩ ነው፣ ላፕቶፔ ግን አሮጌ ነው፣ ራሙ 4 ጂቢ፣ ኤስኤስዲ ምናምን የለውም። ቪኤስ ኮድን ከክሮም ጋር ስከፍተው ቀጥ ይላል፣ ለነገሩ በኤሌክትሮን (በዌብ ቴክኖሎጂ የኮምፒውተር ፕሮግራም መስሪያ) ስለተሰራ ውስጡ ያለው ራሱ ክሮሚየም፣ የክሮም መሰረት የሆነው ብሮውዘር ነው፣ በቃ ሁለት ብሮውዘር እንደመክፈት ማለት ነው። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ደሞ ወዲያው ይከፈታል፣ ኮዱንም በቀለም ይለያል፣ አማርኛ ያለበትን ፋይል በዩቲኤፍ 8 ሴቭ ካደረኩት ምንም አይልም፣ ግን እንደ ቪኤስ ኮድ ተርሚናልና የጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያ) ድጋፍ አብሮት አይመጣም እና ፓይተኑን ራን ለማድረግ ሌላ ዊንዶው መክፈት ሰለቸኝ። ኤክስቴንሽኖቹን ባጠፋ ቪኤስ ኮድ ይቀለኛል? የትኞቹን ልተው? ሰብላይም የሚባለውን ሌላ ኮድ መጻፊያ በእንደዚህ አይነት ማሽን የሞከረስ አለ? ራም ጨምር እንዳትሉኝ ብቻ፣ ብር የለም 😅