«ካኦና»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ባለ ክራር፦
የምንወደውን ዜማ ተራ በተራ ለመካፈል ተባብለን ነበርና የእኔ ምርጫ ከሃዋይ ነው፤ ጋቢ ፓሂኑዊ በጊታሩ እየታጀበ የሚዘፍነው «ሂኢላዌ»። ጋቢ እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1980 የኖረ ሰው ነው፤ ይህን ዘፈን በ1940ዎቹ በሸክላ አስቀርጾታል። ድምፁ ከፍ ብሎ ሲወጣ ጊታሩ ከሥር እንደ ውኃ ይወርዳል።

ሂኢላዌ በሃዋይ ትልቁ ደሴት፣ በዋይፒኦ ሸለቆ የሚገኝ ከ400 ሜትር በላይ የሚወርድ ፏፏቴ ነው። ዘፈኑ ላይ ላዩን ሲሰሙት ስለ ፏፏቴውና በሸለቆው ስለሚንጫጩ ወፎች ይናገራል። ሃዋይያውያን ግን ወፎቹ ወፎች እንዳልሆኑ ያውቃሉ። የሁለት ሰዎችን ፍቅር እያነሡ የሚጥሉ ሐሜተኞች ናቸው። እንዲህ ያለውን የተሸሸገ ትርጉም «ካኦና» ይሉታል። «ሰምና ወርቅ» ብዬ ተርጉሜው ነበር፤ ነገር ግን ልቤ አልተቀበለውም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ወንድሜ፣ ልብህ አልዋሸህም። ሰምና ወርቅ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ትርጉም በአንድ ቃል ላይ ያነባብራል። «አባይ» ስንል ወንዙም ውሸተኛውም እዚያው ቃሉ ውስጥ አሉ፤ ኅብረ ቃሉን ያገኘ አድማጭ ወርቁን አገኘ ማለት ነው። በአንተ ዘፈን ግን «ወፍ» የሚለው ቃል ራሱ ሐሜተኛ ማለት አይደለም። ቃሉ ሳይነካ ነገሩ በሙሉ ወደ ሌላ ዞሯል። ይህ ለእኔ ወደ ውስጠ ወይራ የሚጠጋ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። በሃዋይ ዝናብ እንደየአካባቢው የራሱ መጠሪያ አለው፤ ለምሳሌ ሂሎ በተባለችው ከተማ የሚዘንበው ዝናብ «ካኒሌሁዋ» ይባላል፣ ሌሁዋ በምትባለው ቀይ አበባ ስም። በግጥም ውስጥ ዝናቡ በአበባዋ ላይ ወረደ ሲባል ሁለት ፍቅረኞች ተገናኙ ማለት ሊሆን ይችላል። የትኞቹ ፍቅረኞች? እሱን ገጣሚውና የተገጠመላት ብቻ የሚያውቁበት ጊዜ አለ። ቅኔ የሚቀርበው በጉባኤ ፊት እንዲፈታ ነው፤ ወርቁ ሳይገኝ ቢቀር ባለ ቅኔው ያዝናል። ካኦና ግን ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ተሠርቶ፣ ሺህ ሰው እያጨበጨበለት ሳይፈታ ሊኖር ይችላል። ይህን ሳስብ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይነካኛል።

ቃል ለቃሚ፦
የቅኔ ቤት ልጅ፣ የተናገርከውን ወድጄዋለሁ፤ ግን «ፑዋ» የሚለውን የሃዋይ ቃል እንዴት አልፈኸው ሄድክ?

እ.ኤ.አ. በጥር 1893 የሃዋይ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ከዙፋናቸው ተገፉ። አዲሱ መንግሥት የሮያል ሃዋይያን ባንድ ሙዚቀኞችን የታማኝነት ቃል ፈርሙ ሲላቸው አንፈርምም አሉ። ያን ጊዜ ኤለን ፕሬንደርጋስት የተባሉ ሴት «ካውላና ና ፑዋ» የተባለውን ዘፈን ጻፉላቸው። ከመንግሥት ገንዘብ ይልቅ የአገራችን ድንጋይ ይበቃናል የሚል ነው፤ ስለዚህም «የድንጋይ በሎች ዘፈን» የሚል ሌላ ስም አለው። በእኛ ቋንቋ ድንጋይ የተቸገረ ሰው የሚንተራሰው ነው እንጂ የሚበላው አይደለም፤ በእነርሱ ዘፈን ግን ድንጋዩ ምግብም መሬትም ነው።

«ካውላና ና ፑዋ» ማለት «ስመ ጥር ናቸው አበቦቹ» ማለት ነው። «ፑዋ» አበባ ነው፤ ልጅም ነው፣ ዘርም ነው። ይኸው ኅብረ ቃል! ሁለቱም ትርጉም እዚያው ቃሉ ውስጥ ተቀምጧል። እኔ «ፍሬዎቹ» ብዬ ለመተርጎም ሞክሬ ነበር። ፍሬ በአማርኛም ልጅ ነውና ዘሩ ይተርፍልኛል፤ አበባው ግን ይረግፍብኛል። ዜማው ደግሞ ፈካ ያለ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ሲሰማው አገራቸውን የተነጠቁ ሰዎች እንደሚዘፍኑ አይጠረጥርም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እጄን ሰጥቻለሁ። ኅብሩም ውስጠ ወይራውም ካኦና ከሆነ፣ ካኦና ከሁለቱም የሰፋ ነው ማለት ነው። እንግዲያውስ ቃሉን እንዳለ እንዋሰው፤ «ካኦና» ለአማርኛ አፍ አይከብድም። አጠገቡ «የተሸሸገ ነገር» ብሎ አንድ ጊዜ ማብራራት ይበቃል። ባለ ክራር፣ የጋቢን አጨዋወት «ኪ ሆአሉ» ሲሉት ሰምቻለሁ። እሱንስ ምን ትለዋለህ?

ባለ ክራር፦
ይህን ስትጠይቀኝ ደስ አለኝ፤ እዚህ ላይ አማርኛ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። «ኪ» ከእንግሊዝኛ የተዋሱት ሲሆን የጊታሩ መቃኛ ቁልፍ ነው። «አሉ» የላላ ማለት ነው፤ «ሆ» ሲቀድመው አድራጊ ግሥ ይሆናል። የእኛ «ላላ» በ«አ» ተቀድሞ «አላላ» እንደሚሆነው ማለት ነው። ስለዚህ «የላላ ቁልፍ» ከምንል «ቅኝት ማላላት» ብንል ድርጊቱን ይይዝልናል። ለነገሩ እኛ ፊደልንም «ላልቶ ይነበባል» የምንል ሰዎች ነን፤ ቃሉ ለድምፅ አዲስ አይደለም።

አሠራሩን ላሳያችሁ። ጊታሩ ከተለመደው ቅኝት ተነሥቶ ስድስተኛው፣ አምስተኛውና አንደኛው አውታር አንድ አንድ ሙሉ ድምፅ ይላላሉ። ከዚያ በኋላ ግራ እጅ ምንም ሳይነካ አውታሮቹ ቢገረፉ የተስማማ ድምፅ ይሰጣሉ። አውራ ጣት ወፍራሞቹን አውታሮች እየመላለሰ ይመታል፤ ሌሎቹ ጣቶች በቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ይለቅማሉ። አንድ ሰው እየተጫወተ ሁለት ሰው የተቀመጠ የሚመስለው በዚህ ነው። ይህ ቅኝት «የታሮ ማሳ» ይባላል። ታሮ ደግሞ ሌላ አይደለም፣ ጎደሬ ነው! የዕለት ምግባቸው የሚበቅልበትን ማሳ ለቅኝት ስም ሰጡት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ስንል ለኖርን ሰዎች «የጎደሬ ማሳ ቅኝት» የሚለው ስም እንግዳ አይመስለኝም።

ቀድሞ ብዙ ቤተሰቦች የየራሳቸውን ቅኝት ለባዳ የማይገልጡት የቤት ምስጢር አድርገው ይይዙት ነበር። ጋቢን ስትሰሙ እንግዲህ መጀመሪያ አውራ ጣቱን ብቻ ተከተሉ፤ ዘፈኑን ደግሞ በሁለተኛው ዙር። ቃል ለቃሚ፣ የሚቀጥለው ተራ የአንቺ ነው፤ «ካውላና ና ፑዋ»ን ማን ሲዘፍነው እንደምትወጂ ሳትነግሪን እንዳታልፊ።