ጄኔራል አማን አንዶም እንዲያ ከተወደዱ ለምን ቶሎ ወደቁ?

ናኒ ከአዳማ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን ስለ ደርግ አመጣጥ እያነበብኩ ነው፣ ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ላይ ስደርስ ግን ግራ ገባኝ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ሲወርዱ ሊቀመንበር የሆኑት እሳቸው ናቸው። ኅዳር 14 ደግሞ ተገደሉ። የደርግ አባል እንኳ አልነበሩም! ታዲያ ለምን መረጧቸው? ከመረጧቸውስ ሦስት ወር መታገስ እንዴት አቃታቸው? የምታውቁ እስቲ።

ሐረርጌው፦
ለስማቸው ነዋ! ደርግ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ሻለቃና ከዚያ በታች ናቸው፣ ሕዝቡ አያውቃቸውም። አማን ግን ኮሪያ የዘመቱ፣ በ1956 ከሶማሊያ ጋር ስንዋጋ ሐረር ላይ የሦስተኛ ክፍለ ጦር አዛዥ የነበሩ ሰው ናቸው። "የበረሃው አንበሳ" የሚለው ስም የወጣላቸው ኦጋዴን ነው። ድንበር ተሻግረው ሊገፉ ሲሉ ጃንሆይ ከለከሏቸው ይባላል። አባቴ እዚያ ክፍለ ጦር ውስጥ ነበር፣ የሳቸው ስም ከተነሳ የያዘውን ስኒ አስቀምጦ ነው የሚያወራው። ከዚያ ሴኔት አስገቧቸው። ጦር ያዝዝ የነበረ ጄኔራል ወንበር ብቻ ታቅፎ ቀረ። በ1966 ግርግሩ ሲመጣ ነው መጀመሪያ ኤታ ማዦር ሹም፣ ቀጥሎ መከላከያ ሚኒስትር የሆኑት።

የቀበና ልጅ፦
ሐረርጌው ያለው ልክ ነው፣ ግን ጠቡን አልነገራትም። ደርግ የፈለገው ፊት የሚሆነው ሰው ነበር፣ እሳቸው ደግሞ የምር ሊቀመንበር ልሁን አሉ። ትልቁ ነገር ኤርትራ ነው። ቤተሰባቸው ከሐማሴን ነው፣ እሳቸው የተወለዱት ካርቱም ቢሆንም። አስመራ ድረስ ሄደው ሕዝቡን አነጋግረዋል፣ ነገሩ በንግግር ይፈታ ባይ ነበሩ። እነ መንግሥቱ ተጨማሪ ጦር ይላክ አሉ፣ አማን እምቢ አሉ። የታሰሩት የንጉሡ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ይገደሉ የሚለውንም አልተቀበሉም። በዚህ መሃል ተናደው ቤታቸው ገቡና ከድሮ ጦራቸው ጋር መገናኘት ጀመሩ። በኔ እይታ ያበቃላቸው እዚህ ላይ ነው። መንግሥቱ ራሱ ከሦስተኛ ክፍለ ጦር ተወክሎ የመጣ ስለሆነ፣ እዚያ የአማን ስም ምን እንደሚያስነሳ ከማንም በላይ ያውቃል።

ሐረርጌው፦
ቤት መግባታቸው ስህተት ነበር ማለትህ ነው? ምን ያድርጉ ታዲያ፣ ግድያውን ይፈርሙ?

የቀበና ልጅ፦
አይ፣ አይፈርሙ። ግን ወታደር ሆነው፣ ጠባቂ ሳያበዙ ከተማ መሃል ቁጭ ማለታቸው አይገባኝም።

ናኒ ከአዳማ፦
በታንክ ነው የተገደሉት የሚባለውስ?

የቀበና ልጅ፦
ሊይዟቸው ሲመጡ እጅ አልሰጡም፣ ተኩስ ተከፈተ፣ ታንክም መጥቷል። በመጨረሻ ራሳቸውን አጠፉ የሚልም አለ፣ እሱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በዚያው ሌሊት ነው ከታሰሩት መካከል የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ እነ አክሊሉ ሀብተወልድ፣ እነ እንዳልካቸው መኮንን የተረሸኑት፤ በጠቅላላው ስልሳ ገደማ ሰው አለቀ። ወንበሩን የወረሱት ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ናቸው፣ እሳቸውንም ጥር 26 ቀን 1969 ገደሏቸው።