መራጩ ፖለቲካ ካልገባው መሪው ከየት ጥሩ ይሆናል?

ማለዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቷል። መሪ ሲበላሽ ሁላችንም ጣታችንን እሱ ላይ እንቀስራለን። መራጩስ? በጀት ከየት እንደሚመጣ፣ ምክር ቤት ምን እንደሚሠራ በማያውቅ ሕዝብ ፊት እውነቱን የሚናገር ፖለቲከኛ እንዴት ያሸንፋል? "ግብር እቀንሳለሁ፣ አገልግሎትም እጨምራለሁ" ላለው ይጨበጨብለታል። "ሁለቱ አብረው አይሄዱም" ያለውን የሚሰማው የለም። ሕዝቡን ንቄ አይደለም፣ እኔም አንዱ ነኝ። ምን ይሻላል ትላላችሁ?

የቆየ አንባቢ፦
መሪ የሚሠራው ሕዝቡ የሚያይለትን ነው። አንድሩ ሂሊና ኒል ማልሆትራ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት የአሜሪካ ጥናት አለ፣ ካነበብኩት ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። መራጮች ከአደጋ በኋላ እርዳታ ላከፋፈለ መንግሥት ድምፃቸውን ይሰጣሉ፣ አደጋው ሳይመጣ ለዝግጅት ገንዘብ ላወጣው ግን አይሰጡም። ለዝግጅት የወጣ 1 ዶላር ደግሞ ወደፊት የሚደርሰውን ጉዳት በ15 ዶላር ገደማ ይቀንሳል ብለው አስልተዋል። እስቲ አስቡት። ቦይ ያስጠረገውን ከንቲባ ማንም አያስታውሰውም፣ ጎርፉ አልመጣማ! ቦዩ ተደፍኖ ቤቱ ሁሉ ውሃ ከገባበት በኋላ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ብርድ ልብስ ሲያድል ፎቶ የተነሳው ግን "ደረሰልን" ይባላል። ታዲያ ቀጣዩ ከንቲባ ቦይ የሚጠርገው ምን አግኝቶ ነው?

ሞጋች፦
ያልከው እውነት ነው፣ ግን "ሕዝቡ አይገባውም" የሚለው አነጋገር ያስፈራኛል። "ሕዝቡ ገና አልበሰለም" እያለ ሥልጣን ላይ የከረመው አምባገነን ስንት ነው! አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር አንቶኒ ዳውንስ በ1957 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይሻለኛል። አንድ ድምፅ ብቻዋን ውጤት አትቀይርም፣ ስለዚህ ሰው ፖለቲካ ለማጥናት ጊዜውን አለማጥፋቱ ስንፍና ሳይሆን ስሌት ነው። ጉዳዩ በቀጥታ እጁ ላይ ሲወድቅ ግን ያስብበታል። ስዊዘርላንድ በ2012 እ.ኤ.አ. "ዝቅተኛው የዓመት ፈቃድ ከ4 ሳምንት ወደ 6 ይደግ?" ተብሎ ለሕዝብ ቀረበ። ሁለት ሦስተኛው ገደማ እምቢ አለ! ነጻ ስጦታ እኮ ነው የሚመስለው፣ ሰዉ ግን ወጪውን ማን ይሸከማል ብሎ አሰበ። እዚያ ከድምፅ መስጫው ወረቀት ጋር የደጋፊውንም የተቃዋሚውንም ሐሳብ የያዘ መጽሔት ቤት ድረስ ይላካል። በዓመት ብዙ ጊዜም ድምፅ ይሰጣሉ። ልምምድ ነው።

ጠመኔ፦
መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሦስቱን የመንግሥት አካላት በቃላቸው ይወጡታል፣ ከዚያ አያልፍም። አንድ ቀን ለየቡድኑ 100 ጠጠር ሰጥቼ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለመንገድ፣ ለአደጋ ዝግጅት አካፍሉ አልኳቸው። ክፍሉ በጭቅጭቅ ተናጠ። አንዷ ከመንገድ ላይ 10 ጠጠር አንስታ እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች፣ የት ታድርገው? ቆይታ ቆይታ "ቲቸር፣ እነሱም በየዓመቱ እንዲህ ነው የሚያደርጉት?" አለችኝ። ያን ዓመት ካስተማርኩት ሁሉ የገባቸው እሱ ይመስለኛል።

ማለዳ፦
ጠመኔ፣ ይሄን ከልጆቼ ጋር ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ። ለአደጋ ዝግጅት ስንት ጠጠር እንዳስቀመጡ መጥቼ እጽፋለሁ።